ናፍጣዋ እና የዳቦ ቤቱ መንገድ

ጥር 7

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለበረሃዋ መንገድ ቀያሽ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ ውሃ ያዢ። ደብዳቤውን ያመጣልሽ የውሃ ቦቴ ስለሆነ ውሃ አጣሁ ብለሽ ማመካኘት አትችይም።

የቤታችን ሦስተኛ ልጅ፣ ነጯ፣ ባለ ሁለት በሯ፣ ናፍጣ እየጠጣች ያደገችው ፒካፕሽ ትናንት ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በዳቦ ቤቱ በር በድንገት አቅሟን ማጣቷን የምናስታውቅሽ በጥልቅ ሐዘን ነው። አልሞተችም። ትንፋሽ አላት። ግን ነዳጅ ቢሰጧት፣ ቢለምኗት፣ ቢቆጧት ከእግረኛ አትቀድምም። ዳቦ ያቀፉ አንዲት ሴትዮ ቀድመውን ካለፉ በኋላ ዞር ብለው በሐዘኔታ አይተውናል።

አሁን በባለፈው ደብዳቤሽ የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። አባባ ደህና ናቸው። መሪው ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው፣ ግን አንዲት ፀጉራቸው አልተነካችም፤ ከተረፉት ውስጥ ማለቴ ነው። ይበላሉ። ይተኛሉ። እኔ መኪናዋን አልነካሁም። ይህን ጥያቄ ለምን ሁለት ጊዜ እንደጻፍሽውና ከሥሩ እንዳሰመርሽበት ግን አልገባኝም።

«ለመሆኑ የት የት ትሄዳለች? ናፍጣ ፒካፕስ ለዕለት ተዕለት ቀላል መንገድ ይስማማል ወይ?» ላልሽው፣ ከቤት ዳቦ ቤት ትሄዳለች፣ ስድስት መቶ ሜትር። ከዳቦ ቤት ወደ ቤትም ትመለሳለች፣ ያው ስድስት መቶ ሜትር ነው። በእርምጃ ለክቼዋለሁ፤ ቀያሽ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሐሙስ ሐሙስ መድኃኒት ቤት ይጨመርላታል። ባለፈው ወር ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ፍራሽ ጭነንላት ሁለት መንገድ ተሻግረናል፤ የዓመቱ ከባድ ጭነት እሱ ነው። አንድ ቶን እንድትሸከም የተሠራች ፍጡር አራት ዳቦ ተሸክማ ትውላለች። እኔም ብሆን ራሴን እስት ነበር።

የጠዋቱን ነገርም ልንገርሽ። አባባ መኪናዋን ያስነሱና ግማሽ ሰዓት ግቢ ውስጥ ያቆዩአታል። ሞተሩ ዱ ዱ ዱ ይላል፣ ልብስ ሰፊዋ መስኮቷን ትዘጋለች፣ አባባ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዳሽቦርዱን ያያሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዱት ተሳቢ ፍሬኑ በአየር ነበር፤ አየሩ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። ይቺ የአየር ፍሬን የላትም ብላቸው «ጎማ ለጣፊ ስለ ፍሬን ምን አገባው?» አሉኝ። ጎሚስታ ቤት ተቀጥሮ መሥራት እንዲህ ያስንቃል። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩት እንዲህ ሊባልብኝ አልነበረም።

ነገ መካኒኩ ጋ ቀጠሮ አላት። ጆሮን ታስታውሺዋለሽ አይደል? ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠውን። እሱ የሚለውን እጽፍልሻለሁ።

ሐዘንተኛው ወንድምሽ፣
ፌንጣ


ጥር 16

ፌንጣ፣

ሰላምታውን ስላሳጠርኩት ይቅርታ፤ ቦቴው ውሃውን አራግፎ ሊመለስ ነው።

በፊተኛው ደብዳቤህ ለጠየቅኸኝ፦ አዎ፣ ማታ ማታ ይበርዳል። እባብ አላየሁም። ሦስተኛውን ጥያቄህን ስመጣ በጥፊ እመልስልሃለሁ።

ስለ መኪናዋ የመንገድ ሥራ ካምፓችንን ዋና መካኒክ ጠየቅሁት። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው የመለሰልኝ። የዛሬ ናፍጣ መኪኖች ጭስ ማውጫቸው ውስጥ ጥቀርሻ የሚይዝ ፊልትሮ አላቸው። የያዘው ጥቀርሻ የሚቃጠለው መኪናዋ ረጅም መንገድ ሄዳ በደንብ ስትግል ነው። በስድስት መቶ ሜትር ምንም አትግልም። ቆማ ዱ ዱ ስትል ደግሞ ጭራሽ ይጠራቀምባታል። «ለዳቦ ከሆነ ቤንዚን መኪና፤ ካልሆነም እግር» አለኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ወደዚህ ስመጣ ለአባባ የተውኩላቸው ደስ እንዲላቸው እንጂ ቆማ እንድትበላሽ አልነበረም። የካምፑ ስቶር ኪፐር ይፈልጋታል፤ ዘመዶቹ ድንጋይ ይጭኑባታል። የካቲት መጨረሻ ለእረፍት ሲወጣ መጥቶ ይወስዳታል። ለአባባ ትንሽ ቤንዚን መኪና እንፈልግላቸዋለን። አንተ ንገራቸው። ቀስ ብለህ፣ ቀልድ ሳታበዛ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ፊልትሮው ሲሞላ መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ለሳምንታት ያስጠነቅቃል ይላል መካኒኩ። አልበራም ወይ? በቀጥታ መልስልኝ።

እህትህ


ጥር 24

ለቀጥተኛዋ እህቴ፣

ስለ ቢጫው መብራት ጠይቀሻል። ብልህ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሰፊ መልስ ስለሚፈልግና እስክሪብቶዬ ሊያልቅ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

እስክሪብቶው እስኪያልቅ ስለ ሌላው ልጻፍ።

ጆሮም የካምፑ መካኒክሽ ያለውን ነው ያለው። ካቻቪቴውን ተክሎ ሲያዳምጥ ቆየና «አፍንጫዋ ተደፍኗል» አለ። ከዚያ ላፕቶፕ አምጥቶ በገመድ አገናኛት፤ በካቻቪቴና በላፕቶፕ መካከል ምን እንዳለ እኔ አላውቅም። ሲጨርስ «ግማሹን ጥቀርሻ እኔ አቃጥዬላታለሁ፤ የቀረውን መንገድ ያቃጥለው» አለ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ትልቁ መንገድ ላይ፣ ሳትቆም፣ አርባ ደቂቃና ከዚያ በላይ። በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮኹ። ካልሆነ ፊልትሮው ይሞታል፣ ያን ጊዜ ስቶር ኪፐርሽም አይፈልጋትም።

የግቢውን ዱ ዱ ስነግረው ወደ አባባ ዞረ።

«አባባ፣ ይቺ እኮ አየር የላትም። ጠዋት ጠዋት ምን እስኪሞላ ነው የሚጠብቁት?»

«እሷ የላትም» አሉ አባባ። «የሚሞላው ለኔ ነው።»

ጆሮ ካቻቪቴውን ኪሱ ከተተና ሌላ መኪና ያለበት ይመስል ወደ ጓዳ ገባ።

የሽያጩንም ነገርኳቸው። ቀልድ አላበዛሁም፤ አንድ ብቻ ነው ያስገባሁት፣ እሱም አላሳቃቸውም። «መኪናው የሷ ነው» አሉና ዳቦአቸውን መቁረስ ቀጠሉ። በማግስቱ ግን ባልዲ አውጥተው አጠቧት። የጎማዎቿን ውስጥ ሳይቀር፣ የበሮቿን ማጠፊያ ሳይቀር። ለባለቤቱ ተመላሽ የሚሆን ዕቃ የሚታጠበው እንደዛ ነው። ከዚያ መንጃ ፈቃዳቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሮጌ ቁልፎች ጋር አስቀመጡት።

«ለቤንዚኗም እኮ ያስፈልጋል» አልኳቸው።

«ዳቦ በእግርም ይመጣል።»

 ፈቃዱ ሠላሳ አንድ ዓመት ከኪሳቸው ወጥቶ አያውቅም እኮ። ይቺ መኪና ከሄደች ሌላ መኪና ላይ አይወጡም፣ እትዬ። እየቀለድኩ አይደለም።

ትልቁ መንገድ ላይ ውጡ ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። እኔ ልንዳት ብዬ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ሁለት ጊዜ መውደቄን በትሕትና አስታወሱኝ። እሳቸው ደግሞ እማማን በዚያ መንገድ ሆስፒታል ወስደው ባዶ ወንበር ይዘው ከተመለሱ ወዲህ አደባባዩን አልፈው አያውቁም። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ይህችን አንቀጽ በቀልድ ልጽፋት ሞክሬ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ አንቺም ታግዢኛለሽ።

ለአባባ ፖስታ ቤቱ ለበረሃ ካምፕ የሚላክ ደብዳቤ መቀበል አቁሟል ብያቸዋለሁ። ከእንግዲህ ደብዳቤ የሚሰጠውም የሚወሰደውም ከቦቴው ሹፌር በእጅ ነው፤ ቦቴው ሐሙስ ሐሙስ ውሃ የሚሞላበት ጣቢያ። ጣቢያው ከኛ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፣ በምን መንገድ እንደሆነ አትጠይቂኝ። ውሸት ነው እንጂ መጥፎ ውሸት አይደለም፤ የሆነ ሆኖ የዚህ ሳምንቱን የማደርሰው በዚያው በፖስታ ቤቱ ነው።

ያንቺ ሥራ ደብዳቤሽን ለቦቴው ሹፌር በእጁ መስጠትና «ከአባቴ በስተቀር ለማንም እንዳትሰጥ» ማለት ነው። እስከ ሽያጩ አራት ሐሙስ አለኝ።

ደፋሩ ወንድምሽ፣
ፌንጣ


የካቲት 7

ለሸሪኬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶናል። ደረሰን ስል ሄደን አመጣነው ማለቴ ነው።

አዎ፣ ራሳቸው ነዱ። አዎ፣ መነጽር አድርገው። አይ፣ እኔ አልጮህኩም፣ መሪውም ላይ እጄን አልሰደድኩም። ስለኔ ያለሽ ግምት ያሳዝናል።

ጠዋት መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ አባባ በሩ ላይ ቆሙ።

«እርግጠኛ ነህ ፖስታ ቤቱ አይቀበልም?»

«ለበረሃው ብቻ ነው የማይቀበለው፣ አባባ።»

«ለበረሃው ብቻ» አሉ። አንገታቸውን ነቀነቁና ቁልፉን ያዙ።

አየር ሞላን። ያን ቀን ከግማሽ ሰዓትም አለፈ፤ ልብስ ሰፊዋ መስኮቷን ዘግታ፣ ከፍታ አይታን፣ እንደገና ዘጋች። ከዚያ ዳቦ ቤቱን አለፍን። ባለ ዳቦ ቤቱ ከረጢት ይዞ ወጥቶ ነበር፣ ሳንቆም ስናልፍ ከረጢቱን እንደያዘ ቀረ።

አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዞርነው። በመጀመሪያው ዙር ትራፊክ ፖሊሱ አየን። በሁለተኛው ፈገግ አለ። በሦስተኛው ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ። ምን የመሰለ ቀልድ ነበረኝ መሰለሽ፤ እስካሁን ምላሴ ላይ አለች። ግን አባባን አየት አደረግኋቸው፤ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነጥቷል። ከዚያ የቀኝ ፍሬቻዋ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረች። ወጣን።

ሆስፒታሉ በር ጋ ስንደርስ አራተኛ ማርሽ ላይ ነበርን። አባባ ወደ ሦስተኛ መለሱና ነዳጅ ሰጡ። ሞተሩ ጮኸ። ጆሮ ያዘዘውም እንደዛ ነው። እንደዛ ሲጮህ መኪና ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። እሳቸው ፊት ለፊት ያያሉ፣ እኔ በጎን መስኮት አያለሁ፤ የሆስፒታሉ አጥር ረጅም ነው፣ በመጨረሻ አለቀ።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። «አባባ፣ ልንቃጠል ነው መሰለኝ» አልኩ።

«ጥቀርሻው ነው። እየለቀቃት ነው፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ከየት አወቁ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

የቦቴው ሹፌር ደብዳቤሽን የሰጠን እጁን በሱሪው ጠርጎ ነው፤ ምን ብለሽ እንዳስፈራራሽው አላውቅም። አባባ አመስግነው ይመለሳሉ ስል ወደ ጋቢናው ወጥተው የአየር ጌጁን ማየት ጀመሩ።

«አየሩ ስንት ላይ ሲደርስ ትነሳለህ?»

«ሰባት ሲሞላ፣ አባቴ።»

«የኔ ስድስት ተኩል ላይ ትነሳ ነበር። በዳገት ግን ሰባት እጠብቅላታለሁ።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ፍሬን አወሩ። እኔ ጥላ ፈልጌ ተኛሁ። ስነቃ አባባ እየሳቁ ነበር። ምን እንዳሳቃቸው አልነገሩኝም፤ አፌን ከፍቼ መተኛቴ ይሆናል።

ከአንድ ጉዳይ በስተቀር ሁሉንም ጽፌልሻለሁ። የቱ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እስክሪብቶው ዛሬም አላማረኝም።

ፌንጣ


የካቲት 14

ፌንጣ፣

የቦቴው ሹፌር ስለ አባባ አውርቶ አልጠገበም። ተሳቢያቸውን የት የት ሰበሩት፣ የት የት ጠገኑት፣ ሁሉንም ከሱ ሰማሁ። እኔ ልጃቸው ሆኜ ግማሹን አላውቀውም ነበር። ደብዳቤህን ድንኳን ውስጥ አነበብኩት፤ አደባባዩ ጋ ስደርስ አቋርጬ ወጥቼ ተመለስኩ።

በዚህ ሐሙስም ሄዳችሁ ነበር አለኝ። ይሁን። ግን እንደ አንተ በመሳቅ ብቻ አልወስንም። ስቶር ኪፐሩ ቦርሳውን እየሸከፈ ነው፤ ሰውየውን ያለ ምክንያት አላታልለውም። መካኒኩ የሚለው፣ ቢጫው መብራት ጠፍቶ ከቆየ ፊልትሮው ድኗል ነው። ድኖ ከሆነና አባባ ሐሙስ ሐሙስ የሚሄዱ ከሆነ አልሸጥም። ካልሆነ ትሸጣለች፣ ማዘኔን አዝኜ።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። መብራቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል? ለሃያ ሰባቱ ሐሙስ መልሱን እፈልጋለሁ። እስክሪብቶ ልኬልሃለሁ።

እህትህ


የካቲት 26

ለታጋሿ እህቴ፣

እስክሪብቶሽ ጥሩ ትጽፋለች። ሰበብ አሳጣሽኝ።

መብራቱ በርቶ ነበር። ኅዳር ላይ ነው የበራው። አባባ ጠዋት ዳሽቦርዱን ሲያዩ አዩት፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ቁልፉን ሰቅለው ገቡ። በማግስቱም እንደዚያው። ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም፣ ጋዜጣውን ገልብጠው ይዘው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን አንድ ፖም በላሁ። ፖም ላይ የምትለጠፈዋን ክብ ስቲከር ታውቂያታለሽ? መብራቷ ላይ ስለጥፋት ልክ ለሷ የተሰፋች ነበር የምትመስለው። ያን ቀን አባባ ዳቦ ገዙ። መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ ሳፏጭ ዋልኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ መኪናዋ እርዱኝ ስትል አፏን ይዤባት እንደነበር የገባኝ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስትቆም ነው። «አልነካሁም» ያልኩሽን እንደ ውሸት ቁጠሪው። ይቅርታ፣ እትዬ። 

ጆሮ ገና በመጀመሪያው ቀን አይቷት ነበር። ለአባባ ላለመናገር ሁለት ሳምንት ጋራዡን አስጠረገኝ። የዘይቱ ሽታ ከጥፍሬ አልወጣም።

ባለፈው ሐሙስ፣ ደብዳቤሽን ከተቀበልን በኋላ፣ አባባ ከቦቴው ሹፌር ጋር ቆመው ሲያወሩ እኔ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። መልስ ፈልገሻላ። ሞተሩን አስነሳሁና ስቲከሯን በጥፍሬ ቀስ ብዬ ማንሳት ጀመርኩ።  ከሥሯ ቢጫ ካየሁ መኪናዋ ሄደች፣ መንጃ ፈቃዱም መሳቢያ ገባ ማለት ነው። አነሳኋት።

ጨለማ ነው። ምንም አልበራም።

መልሼ ልለጥፋት ስል በመስኮቱ ጥላ ወደቀብኝ።

«ተዋት» አሉ አባባ። «ከእንግዲህ አታስፈልግም።»



«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ጠማማ አድርገህ ነበር የለጠፍካት። ያቃናኋት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እኔ በጣቴ፣ እሳቸው በጣታቸው፣ ያቺኑ አንዲት ስቲከር።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

መሪውን በመዳፋቸው ጠረጉት፣ አቧራ ሳይኖረው። «ሠላሳ አንድ ዓመት ናፍጣ ነድቻለሁ። መብራቷ የምትለውን አላጣሁትም፤ ረጅም መንገድ ውሰደኝ ነው የምትለው። አንተ ስትሸፍናት እኔም ተመቸኝ።»

ስቲከሯን አውራ ጣቴ ላይ ለጥፌ ወደ ጎን ወንበሩ ተሻገርኩ።

መኪናዋ ውስጥ ገብተው በሩን ከዘጉ በኋላ፣ ጭራሽ ረስቼው፣ «ፖስታ ቤቱም» አሉ።

«ፖስታ ቤቱ ምን ሆነ?»

«ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ወረፋ ስይዝ ሰው ደብዳቤ ሲያስገባ ይታየኛል። ለበረሃው የሚል የተለየ መስኮት የለውም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ልጄ ደብዳቤ ጽፋ በእጅ ይሰጠው ብላለች፤ ላልቀበል ነው?» አሉና ፍሬቻ አሳዩ።

ስንመለስ ሆስፒታሉ ጋ ማርሽ አልቀየሩም። በአራተኛ አለፍን፤ ጸጥ ብሎ ስለነበር «እናትህ ይቺን መኪና ሳታያት ቀረች፤ ብታያት ወንበሯ ደልዳላ ነው ትል ነበር» ሲሉ በደንብ ሰማኋቸው። አደባባዩን አንድ ጊዜ ብቻ ዞርነው፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

ከሐሙስ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አያታለሁ። አልበራችም። ጆሮም አዳምጦ «ትተነፍሳለች» ብሏል። የግቢው አየር መሙላት ወደ አምስት ደቂቃ ወርዷል። አምስቷን ደቂቃ ግን ማንም አይወስድባቸውም፣ አንቺም አትሞክሪ። ዳቦ በእግር እናመጣለን፤ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ፣ ከረጢቱ በኔ ትከሻ። ስለዚህ ለስቶር ኪፐሩ ይቅርታ በይልኝ። ድንጋይ የሚሸከምለት ሌላ ፍጡር ይፈልግ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም፤ ናፍጣ ፒካፕ ለዕለት ተዕለት ቀላል መንገድ ይስማማል ወይ ብለሽ ነበር። አይስማማም። ካምፕ ያለው መካኒክሽ ልክ ነው፣ ጆሮም ልክ ነው፣ አባባም ከሁሉም ቀድመው ያውቁ ነበር። ስለዚህ መኪናዋን መቀየር ትተን መንገዱን ቀየርነው። ያንቺ ፋንታ ሐሙስ ሐሙስ መጻፍ ነው፤ አንድ ሳምንት ከዘለልሽ ፊልትሮ ይደፈናል። የማንኛቸው እንደሆነ አልነግርሽም።

ፖስታው ላይ ቴምብር የምትመስለዋ ነገር ቴምብር አይደለችም። ነገ በእጅ ስለሚሰጥ ቴምብር አያስፈልገውም። የፖሟ ስቲከር ናት። ቀጥ አድርገው የለጠፏት አባባ ናቸው፤ እኔ ሞክሬ አጣመምኳት።

ጥር 7 ቀን የላክሁልሽን የሐዘን መግለጫ በይቅርታ አንስቻለሁ። ያን ሁሉ ወረቀት ያበላሸሁበት ጉዳይ አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው ይህን ያህል የሚያስጽፍ አልነበረም። ሽምብራ የምታህል አንዲት ቢጫ አምፖል በርታ ነበር፤ ጠፋች።

ወንድምሽ፣
ፌንጣ